አልፍሬድ ዋላስና የተቃጠለችው መርከብ

በዛሬው የታዋቂ ሰዎች የሕይወት ታሪክ ዓምዳችን የተፈጥሮ ተመራማሪውን አልፍሬድ ራስል ዋላስን ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዋላስ በ1823 በዌልስ ተወለደ። ቤተሰቡ ገንዘብ ስላጠረው በ14 ዓመቱ ትምህርቱን አቋረጠ፤ በእኛ ዕድሜ ማለት ነው። ከታላቅ ወንድሙ ጋር መሬት ሲቀይስ፣ ገጠር ለገጠር ሲዞር ዕፅዋት መመልከት ወደደ። በኋላ አስተማሪ ሆኖ ሳለ ሄንሪ ቤትስ ከሚባል ጥንዚዛ የሚሰበስብ ወጣት ጋር ተዋወቀ። ሁለቱም ሀብታም አልነበሩም። ስለዚህ አማዞን ሄደው ነፍሳትና ወፎች ሰብስበው እየሸጡ፣ በዚያው ገንዘብ ሊኖሩ ተስማሙ። በ1848 ብራዚል ገቡ።

አማዞን ዝም ብሎ ወንዝ ብቻ አይደለም። ውሃው ሲሞላ ጫካው ውስጥ ይገባል። ከ10 ሜትር በላይ ከፍ የሚልበት ቦታ አለ፤ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ያክላል። ያን ጊዜ ሰው በእግሩ ይሄድበት በነበረው ቦታ በዛፎች ቅርንጫፍ መሀል በታንኳ ይቀዝፋል። ዓሦችም ጫካው ውስጥ ገብተው ከዛፍ የወደቀ ፍሬ ይበላሉ። ዓሣ ፍሬ ይበላል ቢሉኝ እኔ አላምንም ነበር!

ዋላስ ከቤትስ ተለይቶ ወደ ሪዮ ኔግሮ ወጣ። ትርጉሙ ጥቁር ወንዝ ነው፤ ቅጠል ስለሚበሰብስበት ውሃው እንደ ሻይ የጠቆረ ነው። እዚያ ያገኛቸውን ዓሦች በእርሳስ ይስል ነበር፤ ሥዕሎቹ ከ200 በላይ ሆኑ። ሌላም ነገር አስተዋለ። በወንዙ በዚህ ማዶ ያለው የጦጣ ዓይነት በዚያ ማዶ የለም። የአገሩ አዳኞች ይህን ድሮም ያውቁታል፤ አንድን እንስሳ ሲፈልጉ ወንዙን ተሻግረው ነው የሚያድኑት። የአውሮፓ ሰብሳቢዎች ግን እንስሳው ከአማዞን መጣ ብለው ብቻ ይጽፉ ነበር። ዋላስ ከየትኛው ዳር እንደሆነ መጻፍ አለበት አለ። እኔ ከታሪኩ ሁሉ ይሄንን ነው የወደድኩት።

ታናሽ ወንድሙ ኸርበርት ሊረዳው መጥቶ ነበር። ሥራው ስላልሆነለት ወደ አገሩ ሊመለስ ወደቡ ከተማ ፓራ ሲደርስ፣ በ1851 በቢጫ ወባ ሞተ። ገና 22 ዓመቱ ነበር። ዋላስ ከላይ ጫካ ውስጥ ስለነበር ሞቱን የሰማው ከወራት በኋላ ነው። ስልክ የለ፣ ምን የለ።

በ1852 ሐምሌ ወር ላይ ዋላስም ታሞ፣ ስብስቦቹንና በሕይወት ያሉ ጦጣዎችና በቀቀኖች ይዞ ሄለን በምትባል መርከብ ተሳፈረ። ከሦስት ሳምንት በላይ እንደተጓዙ፣ አንድ ቀን ከቁርስ በኋላ ካፒቴኑ መጥቶ መርከቧ እሳት ሳትይዝ እንዳልቀረች ነገረው። ጭኗት የነበረው ጎማና ካካዎ በጭስ ታፈነ። ዋላስ ጢስ ወደሞላው ክፍሉ ገብቶ አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን አንሥቶ ወጣ። በገመድ ወደ ጀልባ ሲወርድ እጁ ተላጠ። ጀልባዋ ደግሞ ታፈሳለች፤ ውሃ እየቀዱ መድፋት ነው። መርከቧ ዓይናቸው እያየ ተቃጠለች። እንስሳቱም አለቁ፤ የተረፈው ባሕር ውስጥ ወድቆ ያወጡት አንድ በቀቀን ብቻ ነው።

አሥር ቀን በጀልባ ከቆዩ በኋላ ሌላ መርከብ አገኘቻቸው። ዋላስ በጥቅምት መጀመሪያ እንግሊዝ ሲደርስ ያ ሁሉ ስብስብ የለም። ደግነቱ ዕቃውን የሚሸጥለት ሰው ኢንሹራንስ ገብቶለት ስለነበር 200 ፓውንድ አገኘ።

ከእንግዲህ ባሕር አልሻገርም ብሎ ብዙ ጊዜ ምሎ ነበር። ግን በ1854 እንደገና ሄደ! አሁን ወደ እስያ፣ ዛሬ ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ ወደሚባሉት ደሴቶች ነው። ስምንት ዓመት ቆይቶ ከ125,000 በላይ ናሙና ሰበሰበ። እዚያ በ1858 ወባ ይዞት ተኝቶ ሳለ እንስሳት በተፈጥሮ ምርጫ እንዴት እንደሚለወጡ አሰበና ለዳርዊን ጽፎ ላከ። ዳርዊንም ለብዙ ዓመት ያንኑ ሲያስብ ነበርና የሁለቱ ጽሑፍ በዚያው ዓመት ለንደን ላይ አብሮ ተነበበ። ዋላስ በ1913፣ በ90 ዓመቱ አረፈ።

በቆርቆሮዋ ሣጥን ውስጥ የነበሩት የሪዮ ኔግሮ ዓሦች ሥዕሎች ናቸው፤ የዘንባባ ሥዕሎችም ነበሩባት። የዓሦቹ ሥዕሎች በመጽሐፍ ታትመው የወጡት በ2002 ብራዚል ውስጥ ነው፤ መርከቧ ከተቃጠለች ከ150 ዓመት በኋላ።