አባ አንቶኒዮ ቪቫልዲ፦ የወላጅ አልባ ልጃገረዶች መምህር

በቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ስማቸው በዓለም ሁሉ ታውቆ ክህነታቸው የተዘነጋ አገልጋዮች አሉ። ከእነዚህም አንዱ የቬኒስ ተወላጅ የሆኑት አባ አንቶኒዮ ቪቫልዲ ናቸው። በ1725 ዓ.ም. የታተመውን «አራቱ ወቅቶች» የተባለ ድርሰታቸውን ብዙዎች ሰምተውታል፤ ካህንና የልጆች መምህር እንደ ነበሩ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በ1678 ዓ.ም. ሲወለዱ ለሕይወታቸው ስለ ተሠጋ በዚያው ቀን አዋላጂቱ በቤት አጠመቀቻቸው። ቫዮሊንን ከአባታቸው ተማሩ፤ በ1703 ዓ.ም. ማዕርገ ክህነትን ተቀበሉ። ይሁን እንጂ የደረት ሕመም ስለ ጸናባቸው ቅዳሴውን ሳይፈጽሙ ከመሠዊያው የተመለሱበት ጊዜ ነበር። ጥቂት ቈይተውም መቀደስን ተዉ። ለአንድ ካህን ከዚህ የከበደ ኀዘን ምን አለ?

ክህነት በተቀበሉበት በዚያው ዓመት ግን ሌላ የአገልግሎት በር ተከፈተላቸው። በቬኒስ ከ1346 ዓ.ም. ጀምሮ «ፒየታ»፣ ማለትም «ርኅራኄ»፣ የተባለ የሕፃናት ማሳደጊያ ነበረ። እናቶቻቸው ሊያሳድጓቸው ያልቻሉ ሕፃናት በግንቡ ውስጥ በተበጀ ቀዳዳ እየተተዉ በዚያ ያድጉ ነበር። አባ አንቶኒዮ ለዚህ ቤት ልጃገረዶች የቫዮሊን መምህር ሆነው ተሾሙ።

በዚያ ቤት ትምህርቱ ለብቻ የሚያዝ ጸጋ አልነበረም። ታላላቆቹ ታናናሾቹን ያስተምሩ ነበር፤ በጸሎት ቤቱም ከፍርግርግ በስተኋላ ሆነው ፊታቸው ሳይታይ በኅብረት ይጫወቱና ይዘምሩ ነበር። መምህሩም በድርሰቶቻቸው አንዷ ብቻዋን የምትጫወትበትንና ሁሉም ተባብረው የሚመልሱበትን ክፍል እያፈራረቁ አቀናበሩ። በ1711 ዓ.ም. ከታተሙት 12 ኮንሰርቶዎቻቸው አራቱ ለአራት ቫዮሊኖች፣ አራቱ ለሁለት፣ አራቱ ደግሞ ለአንድ የተጻፉ ናቸው። እንዲህ ባለው ድርሰት ጐበዙ ተጫዋች እንኳ ተራውን መጠበቅና ባልንጀራውን ማድመጥ አለበት። በዚያ ቤት ያደገችው አና ማሪያም በቫዮሊን ከታወቀች በኋላ እዚያው መምህርት ሆናለች።

ሕይወታቸው ያለ ፈተና አላለፈም። በ1709 ዓ.ም. የቤቱ አስተዳዳሪዎች ሰባት ለስድስት በሆነ ድምፅ አሰናበቷቸው፤ በ1711 ዓ.ም. ግን መልሰው ጠሯቸው። በ1737 ዓ.ም. የፌራራው ካርዲናል፣ ቅዳሴ አለመቀደሳቸውንና ከአንዲት ዘፋኝ ጋር ያላቸውን ወዳጅነት ምክንያት አድርገው ወደ ከተማዪቱ እንዳይገቡ ከለከሏቸው። ይህን የምንሸሽገው አይደለም፤ ፍርዱን ግን ልብን ለሚመረምር አምላክ እንተዋለን። በ1741 ዓ.ም. በቪየና በድህነት ዐርፈው ያለ ክብር ሥርዓት ተቀበሩ።

ብዙዎቹ የእጅ ጽሑፎቻቸው በ1926 ዓ.ም. በሰሜን ኢጣሊያ በሚገኝ አንድ የሳሌዥያን ትምህርት ቤት ተገኙ። ለድሆች ልጆች የደከሙት ካህን ሥራ በዶን ቦስኮ ልጆች ቤት ተጠብቆ መገኘቱ ያስደንቀናል።

እኛም መዘምራንን የምናሠለጥን፣ ትምህርተ ክርስቶስን የምናስተምር ሁሉ፣ ድምፀ መልካሙን ብቻ መርጠን ሌላውን ከኋላ እንዳናስቀር እንጠንቀቅ። አንዱ በር ሲዘጋብንም እግዚአብሔር በሌላው ሊልከን እንደሚችል እናስብ።