ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን፦ አዋላጆችን ሊያስተምሩ መጥተው ከፌስቱላ ሕሙማን ጋር የቀሩ ሐኪም

በዳሮ ለቡና በአጎራባቹ ወረዳዎች ተወልዳችሁ ላደጋችሁ እጩ መምህራን፣ ከመቻራ ወደ ጭሮ የሚያመጣው መንገድ ክረምት ሲገባ ምን እንደሚመስል ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ምጥ የጠናባት ሴት ከሩቅ ቀበሌ በቃሬዛ ተነሥታ ሐኪም ዘንድ እስክትደርስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ እስቲ ገምቱት። የዛሬው የሕይወት ታሪክ ባለቤት ሠላሳ ዓመት ያህል የታገሉት እነዚያ ሰዓቶች ትተውት ከሚሄዱት ጉዳት ጋር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን በ1908 በኒው ዚላንድ ተወለዱ። የማኅፀንና የወሊድ ሐኪም ሆነው በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ ከተማ፣ ክራውን ስትሪት በሚባለው የሴቶች ሆስፒታል በኃላፊነት ሠሩ። ከባለቤታቸው ከዶክተር ካትሪን ጋር የተዋወቁትም እዚያው ነው፤ በ1950 ተጋቡ። ነፍሰ ጡሮችን በደም ግፊት አንዘፍዝፎ የሚጥለውን ኤክላምፕሲያ የሚባል ሕመም ለመከላከል ባደረጉት ሥራ በሙያ ጓደኞቻቸው ዘንድ ስም አትርፈው ነበር። እዚያው ቢቀመጡ የሚጎድልባቸው አልነበረም።

በ1959 ባልና ሚስቱ አንድ ልጃቸውን ይዘው አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ሥራቸው በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ማቋቋም ነበር። ውሉም ለሦስት ዓመት ብቻ። በነገራችን ላይ ሆስፒታሉ የተሰየመላት ልዕልት ራሷ በእንግሊዝ አገር የሠለጠነች ነርስ ነበረች፤ በ1942 በነቀምት ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ነው ያረፈችው።

እንግዲህ እዚህ ሲደርሱ ከዚያ በፊት በዓይናቸው አይተውት የማያውቁት በሽታ ጠበቃቸው። ፌስቱላ በበለጸጉት አገሮች ከተረሳ ቆይቷል፤ በኒው ዮርክ የነበረው የፌስቱላ ሆስፒታል ቀርቶ በቦታው ትልቅ ሆቴል ተሠርቶበታል። ስለዚህ ሁለቱ ሐኪሞች እንደ ጀማሪ ተማሪ የቆዩ መጻሕፍትና የቀዶ ጥገና ሥዕሎች እያገላበጡ፣ በካይሮ ከነበሩት የዘርፉ አዋቂ ከፕሮፌሰር ናጊብ ማሕፉዝ ምክር እየጠየቁ ሙያውን ከሥሩ ተማሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምጥ ሁለት ሦስት ቀን ሲዘልቅ የሕፃኑ ራስ ዳሌ ውስጥ ይቀረቀርና የሽንት ፊኛውን ከአጥንቱ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። የታፈነው ሥጋ ደም ስለማያገኝ ይሞታል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ተልጦ ይወድቅና ቀዳዳ ይቀራል። ሕፃኑም አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። ከዚያ ወዲያ ሽንት ሌት ተቀን ይፈሳል፤ አንዳንዴም ዓይነ ምድር።

ሰው ታዲያ የሚያየው ይህን ፍሳሽ ነው። የሚሸተውም፣ ባልን የሚያሸሸውም፣ ጎረቤትን የሚያርቀውም እሱ ነው። ሕመሙን ግን ማን ያየዋል? ሽንቱ የጭኗን ቆዳ እየለበለበ ያቆስለዋል። ፍሳሹ ይቀንስልኛል ብላ ውሃ መጠጣት ትተዋለች፤ ሽንቱ ይወፍርና ይብሱን ያቃጥላታል፣ ጠጠርም ያበጃል፣ አንዳንዴም ጉዳቱ እስከ ኩላሊት ይዘልቃል። በዳሌ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ በምጡ ጊዜ ተጨፍልቆ ከሆነ መርገጫዋን ማንሣት ያቅታትና እግሯን እየጎተተች ትሄዳለች። ጨለማ ጎጆ ውስጥ ተኮራምታ ወራት የተኛችውማ ጉልበቷ ታጥፎ ይቀራል። የወር አበባዋ ሊቋረጥ ይችላል፤ ኀዘኑና ብቸኝነቱ እንቅልፍ ይነሳታል። በየመንደሩ ሴት ልጅ ቻይ ናት እያልን እናሞግሳለን፤ ይህ ሙገሳ ስንቷን ከሕክምና እንዳስቀራት የቆጠረ የለም።

ዶክተር ሐምሊንና ባለቤታቸው ያስተዋሉት ትልቅ ነገር ቀዳዳውን መስፋት የሥራው ግማሽ መሆኑን ነው። ቀዳዳው በአብዛኞቹ ላይ ይደፈናል። ይሁን እንጂ የታጠፈው ጉልበት እንዲዘረጋ ወራት የሚፈጅ የአካል እንቅስቃሴ ያስፈልጋል፤ የከሳችው መመገብ አለባት፤ የፈራችው ሰው መልመድ አለባት። ቀዳዳው ተደፍኖም ሽንት መቋጠር የሚያቅታቸው፣ በግንኙነት ጊዜ ሕመም የማይለቃቸው አሉ። ዳግመኛ ካረገዘችም ያለ ጥያቄ ሆስፒታል ገብታ በቀዶ ጥገና መውለድ ይኖርባታል።

የእኛን ሙያ በቀጥታ የሚነካው ደግሞ የማሚቱ ጋሼ ነገር ነው። ማሚቱ በ1962 ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች ክፉኛ ተጎድታ ወደ ሐምሊኖች መጣች። ማንበብና መጻፍ አትችልም ነበር። ጉዳቷ በአንድ ቀዶ ጥገና የሚድን ስላልሆነ ሆስፒታሉ ውስጥ ቆየች፤ አልጋ ማንጠፍ ጀመረች፤ ቀጥላ ቀዶ ጥገና ክፍል ገብታ መሣሪያ ማቀበል ያዘች። ዶክተር ሬጂናልድ የእጇን ቅልጥፍና አይተው ደረጃ በደረጃ መስፋትን አስተማሯት። ፊደል ሳትቆጥር የቀዶ ጥገና ባለሙያ ሆነች፤ ለሥልጠና የሚመጡ ዶክተሮችን ሳይቀር አሳየች። በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ለሐምሊኖች የወርቅ ሜዳይ ሲሸልም ማሚቱም አብራ ተሸለመች። የማስተማር ዘዴ የምናጠና ሰዎች ይህን የመሰለ ትምህርት ያለ ጥቁር ሰሌዳና ያለ መማሪያ መጽሐፍ እንዴት እንደተሰጠ ብንወያይበት ጥሩ ነው።

ሕሙማኑ እየበዙ ሲሄዱ በልዕልት ፀሐይ የነበረው ቦታ አልበቃ አለ። በ1974፣ ዘውዱ በወደቀበት ዓመት፣ ባልና ሚስቱ የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። ሕክምናው በነፃ ነው። በደርግ ዘመን ብዙ የውጭ አገር ሰው ሻንጣውን ሲሸክፍ እነሱ አልሄዱም። ዘግይቶ በየክፍለ አገሩ ማዕከሎች ተከፈቱ፤ አንደኛው በሐረር ስለሆነ ከሐረርጌ ለምትሄድ ሴት የአዲስ አበባው ጉዞ ቀርቶላታል።

ዶክተር ሬጂናልድ በ1993 አረፉ። ወይዘሮዋ ብቻቸውን ቀጥለው በ2020 በ96 ዓመታቸው እዚሁ አዲስ አበባ አርፈዋል። በመካከሉ፣ በ2007፣ የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። ባልየው በ1959 ለሦስት ዓመት ተዋውለው የመጡበት ጉዳይ ማለት ነው፤ እሳቸው ከሞቱ ከ14 ዓመት በኋላ። ተማሪዎቹ ከየገጠሩ ይመለመላሉ፤ ሲመረቁም ምጡ ወደሚጀምርበት፣ ወደየመጡበት አካባቢ ይመለሳሉ።