ምድርን የለኩ፣ ምድራቸውንም የተናዘዙ ሊቅ
የአንትዋን ዳባዲ አጭር የሕይወት ታሪክ (1810–1897)

በገረሴና በአካባቢዋ ደጋማ ቀበሌዎች የምንኖር ምእመናን ተራራን እንደ ጎረቤት እናውቀዋለን። ጉም ሲለብስ ዝናቡን፣ ሲገለጥም ብራውን እንጠብቃለን። የኢትዮጵያን ተራሮች ከፍታና ሥፍራ በመሣሪያ ለክተው በካርታ ላይ ካሰፈሩት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ ግን ከሩቅ አገር የመጡ ካቶሊካዊ ምእመን መሆናቸውን የምናውቅ ጥቂቶች ነን። እኚህ ሰው አንትዋን ዳባዲ ይባላሉ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንትዋን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1810 ዓ.ም. በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን ተወለዱ። አባታቸው የፈረንሳይን አብዮት ሁከት ሸሽተው የተሰደዱ የባስክ ተወላጅ፣ እናታቸውም አየርላንዳዊት ነበሩ። ቤተ ሰቡ ኋላ ወደ ፈረንሳይ ተመልሶ በቱሉዝ ተቀመጠ። በዚያ ዘመን ፈረንሳውያን ስለ ተፈጥሮ የነበራቸው አሳብ በሁለት መንገድ ይሄድ ነበር። ባለ ቅኔዎቹ ተራራውንና ጫካውን የልብ ማረፊያ አድርገው ሲያወድሱ፣ ሊቃውንቱ ደግሞ ከፍታውን፣ ሙቀቱንና ነፋሱን በቁጥር ለማወቅ ይደክሙ ነበር። ወጣቱ አንትዋን የሁለተኛውን መንገድ መረጡ። ይሁን እንጂ ቁጥሩን ፍለጋ የወጡት በፈጣሪ ሥራ ከመደነቅ ሳይለዩ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1838 ዓ.ም. ከታናሽ ወንድማቸው ከአርኖ ጋር ምጽዋ ደረሱ። የላዛሪስት ማኅበር ካህን የሆኑት አባ ጁሴፔ ሳፔቶም አብረዋቸው ነበሩ። አባ ሳፔቶ በዓድዋ ሲቀመጡ፣ በማግሥቱ ዓመት አቡነ ያዕቆብ እያልን የምንጠራቸው ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያኮቢስ መጡ፤ በዘመናችን የሚታወቀው የካቶሊክ ስብከትም በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በዚህ ተተከለ።

ዳባዲ ግን መሣሪያቸውን ይዘው እስከ 1848 ዓ.ም. ድረስ በኢትዮጵያ ምድር ተዘዋወሩ። የአገሩን ልብስ ለብሰው፣ በባዶ እግራቸው እየሄዱ፣ በጎንደር ከሊቃውንት እግር ሥር ተቀምጠው ቋንቋና መጻሕፍትን ተማሩ። በየኮረብታው ላይ ቆመው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ያለውን ማዕዘን ይለኩ ነበር። ውኃ የሚፈላበትን ሙቀት አይተውም የቦታውን ከፍታ ያሰሉ ነበር፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ውኃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላልና። የተራራውንና የወንዙን ስም ግን መሣሪያ አይነግርምና ከባላገሩ እየጠየቁ ይጽፉ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1843 ዓ.ም. የእናርያ ንጉሥ አባ ባጊቦ ከከፋ ሙሽራ ለማምጣት የላኳቸውን መልእክተኞች ተከትለው እስከ ከፋ ዘለቁ። በደቡብ ስላሉት ሕዝቦች ለሮም የጻፉት ማሳሰቢያም መነሻ ሆኖ፣ በ1846 ዓ.ም. ለኦሮሞ ሕዝብ የተለየ ሐዋርያዊ ቪካርያት ተቋቋመ፤ ይህም ለካፑቺኑ ለአቡነ ማስያስ ተሰጠ።

ሊቁም ሰው ናቸውና ተሳስተዋል። በዚያው በ1846 ዓ.ም. በእናርያ ጫካ ውስጥ የግቤን ምንጭ ባገኙ ጊዜ የነጭ ዓባይን ራስ ያገኙ መሰላቸው። በዚህም ምክንያት ከእንግሊዛዊው ተጓዥ ከቻርልስ ቢክ ጋር ብርቱ ክርክር ገጠሙ። ክርክሩን የፈታው ግን ምድሩ ራሱ ነው። ግቤ ኦሞ ሆኖ ወደ ቱርካና ሐይቅ እንደሚገባ ጣልያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ በ1896 ዓ.ም. አረጋገጠ።

ዳባዲ ወደ ፈረንሳይ ከተመለሱ በኋላ የመሬት ልኬታቸውን፣ የግዕዝ መጻሕፍታቸውን ዝርዝር፣ በ1881 ዓ.ም. ደግሞ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተሙ። በሃንዳይ ከተማ አጠገብ፣ ከባሕሩ በላይ፣ በመሐንዲሱ ቪዮሌ ለ ዱክ ንድፍ ግንብ አሠርተው አባዲያ አሉት። በውስጡ ቤተ ጸሎት፣ የከዋክብት መመልከቻ፣ የአማርኛ ጽሑፍም ይገኛል። አንድ ጊዜ በግንቡ ግድግዳዎች ቀዳዳ አስነድለው በሩቅ ያለውን የላ ሩንን ተራራ በዚያ ለማየትና የብርሃንን መጉበጥ ለመለካት አሰቡ። ሙከራው አልሠራም። ሊቁም ቀዳዳውን ደፍነው ከማሳፈር ይልቅ፣ ምንም እንዳልታየና ምንም እንዳልተማሩበት በባስክ ቋንቋ በድንጋይ አስቀረጹ።

ልጅ ስላልነበራቸው ግንቡንና ርስታቸውን ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ተናዘዙ። በውለታውም አምስት መቶ ሺህ ከዋክብት ተቆጥረው እንዲመዘገቡ አዘዙ። ሥራውንም ለብዙ ዓመታት ካህናት መሩት። መጋቢት 19 ቀን 1897 ዓ.ም. በፓሪስ አርፈው በአባዲያ ቤተ ጸሎት ሥር ተቀበሩ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ከዘመናቸው በኋላ ፈረንሳውያን ምድራቸውን ማድነቅና መለካት ብቻ እንደማይበቃ፣ በሕግ ካልጠበቁትም የባሕሩ ዳርቻ በሕንፃ እንደሚሸፈን ተገነዘቡ። በ1975 ዓ.ም. የባሕር ዳር መሬት እየገዛ የሚጠብቅና መልሶ የማይሸጥ የመንግሥት ተቋም መሠረቱ። ይህ ተቋም በ1979 ዓ.ም. በአባዲያ ግንብ ዙሪያ ያለውን የገደል ዳር ሜዳ ገዝቶ የሕዝብ አደረገው። ዛሬ ሊቁ የተመላለሱበት መሬት የማንም የግል ርስት ሳይሆን ለአዕዋፍና ለመንገደኛ ክፍት ነው።

በጋሞ ደጋ ይህ አሳብ እንግዳ አይደለም። ሽማግሌዎቻችን በዱቡሻው ዙሪያ ያለውን ዛፍና የወል ግጦሹን ማንም ለብቻው እንዳይነካው በሥርዓት ሲጠብቁ ኖረዋል። ልዩነቱ፣ እነርሱ በወረቀት የጻፉትን እኛ በቃልና በአክብሮት መያዛችን ነው። ቃል ደግሞ ተቀባይ ትውልድ ካላገኘ ይጠፋል። ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የሆናችሁ ሁሉ ልጆቻችሁን አንድ ቀን ወደ ኮረብታው አውጥታችሁ የተራራውን፣ የምንጩንና የዛፉን ስም ከሽማግሌዎች እንዲጠይቁና በደብተራቸው እንዲጽፉ አድርጉ። አንትዋን ዳባዲም ሥራቸውን የጀመሩት ከዚሁ፣ ስም ከመጠየቅ ነበር።