ዞፊያ ስትሪዬንስካ፦ ሥራዋ ገበያ ሲሞላ እሷ እጇ ባዶ የቀረ ሰዓሊ

1911፣ ጀርመን ሙኒክ። የከተማዋ የሥነ ጥበብ አካዳሚ አንድ አዲስ ተማሪ መዘገበ። ስሙ ታዴኡሽ ሉባንስኪ፣ ፀጉሩ አጭር፣ ልብሱ የወንድ።

ልጁ ግን ወንድ አልነበረም። ዞፊያ ሉባንስካ የምትባል የ20 ዓመት ፖላንዳዊት ናት። አካዳሚው ያኔ ሴት አይቀበልም። ስለዚህ ፀጉሯን ተቆረጠች፣ የወንድ ልብስ ለበሰች፣ ገባች። አንድ ዓመት ገደማ ተማረች። አብረዋት የሚማሩት መጠርጠር ሲጀምሩ ግን ትታው ወደ አገሯ ተመለሰች።

ዛሬ የምናወራው ስለዚች ሴት ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደችው በ1891 ክራኮው ውስጥ ነው። ከተማዋ ያኔ በኦስትሪያ አገዛዝ ሥር ነበረች፤ ፖላንድ የሚባል ነፃ አገር በካርታ ላይ አልነበረም። አባቷ ጓንት ሠሪ ነው። ልጅቷ ከእሱ ጋር ገበያ ትወጣና ከገጠር የመጡትን ሰዎች ትስላለች። ጥልፍ ቀሚሳቸውን፣ ባለ ብዙ ቀለም መቀነታቸውን፣ ኮፍያቸውን። ያ የገበያ ቀለም ዕድሜዋን ሙሉ ከእጇ አልወጣም።

በ1916 ካሮል ስትሪዬንስኪ የሚባል አርክቴክት አገባች። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ልክ ፖላንድ ከ123 ዓመት በኋላ ነፃነቷን ባወጀችበት በ1918፣ ስሟን ያስጠራው ሥራ ወጣ፤ የስላቭ አማልክት የሚባል የህትመት ስዕሎች ስብስብ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስላቮች ክርስትና ከመምጣቱ በፊት የነጎድጓድ፣ የዝናብ፣ የጥሩ አየር አማልክት ነበሯቸው። መልካቸው ምን እንደሚመስል ግን የተጻፈው በጣም ጥቂት ነው። ዞፊያ ክፍተቱን በራሷ ምናብ ሞላችው። የነጎድጓዱን ፔሩን፣ አራት ፊት ያለውን ሽቪያቶቪድ፣ የጥሩ አየሯን ፖጎዳ የገጠር ጥልፍና ጌጥ አልብሳ ሳለቻቸው። የሚገርመው፣ ፖጎዳ የሚለው ቃል ዛሬም በፖላንድኛ የአየር ሁኔታ ማለት ነው። ሰዎች በየቀኑ ስልካቸው ላይ ያዩታል።

ወቅቶቹም በእሷ እጅ ሕይወት አገኙ። በፖላንድ ገጠር ክረምቱ ሲያልቅ ማዣና የምትባል የገለባ አሻንጉሊት ወንዝ ውስጥ ትጣላለች፤ ብርዱና ሞቱ አብረው ይሂዱ ነው ነገሩ። በበጋው አጋማሽ ሌሊት ደግሞ ወጣቶች በእሳት ላይ ይዘላሉ፣ ልጃገረዶች የአበባ አክሊል በውሃ ላይ ይለቃሉ። ዞፊያ የሳለችው ይሄን ዓለም ነው። መዝራቱን፣ ማጨዱን፣ ጭፈራውን፣ በዓሉን። ሰዎቿ ቆመው አያውቁም፤ ሁሌ ይሽከረከራሉ።

በ1925 ፓሪስ ትልቅ ዓለም አቀፍ የጌጥ ጥበብ ኤግዚቢሽን አዘጋጀች። የፖላንድን አዳራሽ ያስጌጡት የዞፊያ ትልልቅ ስዕሎች ነበሩ፤ ርዕሳቸው ከወር እስከ ወር የሚዞረው የገጠር ዓመት። ግራንድ ፕሪ አሸነፈች። በአንድ ጊዜ የአገሪቱ ታዋቂ ሰዓሊ ሆነች።

ቤቷ ግን ሰላም አልነበረም። ትዳሩ በጭቅጭቅ የተሞላ ነበር፤ ባሏ አንድ ጊዜ የአእምሮ ሆስፒታል እስከማስገባት ደረሰ። በ1927 ተለያዩ። ሴት ልጇና መንታ ወንዶች ልጆቿ አብዛኛውን ጊዜ ከእሷ ርቀው አደጉ። ሁለተኛው ትዳሯም አልቆመም። በ1930ዎቹ ሥራ ቀነሰ፣ ዕዳ በዛ። ስሟ ትልቅ፣ ኪሷ ባዶ። አልፎ አልፎ ትልልቅ ትዕዛዝ ይመጣ ነበር፤ ባቶሪ የተባለውን የመንገደኞች መርከብ ካስጌጡት ሰዓሊዎች አንዷ ነበረች፣ ለጃፓኑ ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ስጦታ የሚሆን የግድግዳ ምንጣፍም ነድፋለች። ግን እሱም ችግሩን አልፈታውም። ለዓመታት የጻፈችው የግል ማስታወሻዋ ከሞተች በኋላ ሲታተም ርዕሱ ሁሉን ይናገራል፦ የዕለት እንጀራ ሊባል የቀረበ እንጀራ።

ጦርነቱ አልቆ ኮሚኒስቶች ፖላንድን ሲይዙ አገሯን ለቃ ስዊዘርላንድ ጄኔቭ ገባች። እዚያም ኑሮዋ የድህነት ነበር።

አሁን የታሪኩን መራር ክፍል ስሙት። እሷ ጄኔቭ ውስጥ ስትቸገር፣ ስዕሎቿ ፖላንድ ውስጥ በብዛት ይባዙ ነበር። በፖስት ካርድ ላይ፣ በሸክላ ዕቃ ላይ፣ በአልበም ላይ። ሕዝቡ ይወዳቸዋል፣ ይገዛቸዋል። ፈቃድ የጠየቃት ግን የለም፤ ክፍያም አልደረሳትም። የሳለቻቸው አማልክት በየቤቱ ገብተው ሲቀመጡ ሰዓሊዋ በስደት ቤት ኪራይ ታስባለች።

በየካቲት 1976 በ84 ዓመቷ ጄኔቭ ውስጥ አረፈች፤ የተቀበረችውም እዚያው ነው። ዛሬ ሥራዎቿ በፖላንድ ሙዚየሞች ተሰቅለዋል፣ በጨረታም በውድ ይሸጣሉ።

ወንድ መስላ ትምህርት ቤት የገባችው በራሷ ስም መማር ስላልተፈቀደላት ነው። በኋላ ስሟን አገር ሁሉ አወቀው፤ ስሙ ግን እንጀራ አልሆናትም። ይሄ ደግሞ ያለፈ ዘመን ታሪክ ብቻ አይደለም። የሰው ስዕል አውርዶ፣ ስሙን ቆርጦ መለጠፍ ዛሬ አንድ ሰከንድ አይፈጅም። ቀጣዩን ስዕል ከማጋራታችሁ በፊት ታች ጥግ ላይ ያለውን ፊርማ እዩት። የሆነ ሰው እንጀራ ነው።