ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስና የመቅደላ እስረኞች

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። ቋራ እንደኛው ካማሺ በምዕራብ በኩል ያለ ቆላ አገር ነው። በወጣትነታቸው ሸፍተው ብዙ ተከታይ አፈሩ። መሳፍንቱን በየተራ ድል ነሥተው በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

ከመንገሣቸው በፊት በ1840 ዓ.ም. በደባርቂ ከግብጽ ጦር ጋር ገጥመው ተሸንፈው ነበር። ይህ ሽንፈት የመድፍን ኃይል አስተማራቸው። ስለዚህ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ፈረንጆች ባለ እጆችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩ ጀመር።

በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የወዳጅነት ደብዳቤ ላኩ። መልስ ግን አልመጣም። ንጉሡ ይህን እንደ ንቀት ቈጥረው በ1856 ዓ.ም. የእንግሊዙን ቆንሲል ካሜሮንን አሰሩ። በ1858 ዓ.ም. ራሳም የተባለው መልእክተኛ እስረኞቹን ሊያስፈታ መጣ። በመጀመሪያ በክብር ተቀበሉት፤ በኋላ ግን እሱም ታሰረ።

በዚያው ዓመት ንጉሡ ፍላድ የተባለውን ሚስዮናዊ፣ ሚስቱንና ልጆቹን በኢትዮጵያ አስቀርተው፣ ባለ እጆችና የመሣሪያ መሥሪያ መኪና እንዲያመጣ ወደ ሎንዶን ሰደዱት። የእንግሊዝ መንግሥት ባለ እጆቹንና መኪናውን እስከ ምጽዋ ላከ፤ ነገር ግን አስቀድሞ እስረኞቹ ይፈቱ አለ። ንጉሡ ደግሞ አስቀድመው ባለ እጆቹን ፈለጉ። አንዱ ሌላውን ስላላመነ ነገሩ ፈረሰ።

ከዚህ በኋላ ጄኔራል ናፒየር 13,000 ያህል ወታደርና 44 ዝሆኖች ይዞ በዙላ በኩል መጣ። ንጉሡም ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ መንገድ እያስጠረጉ እስከ መቅደላ አስጐተቱት። ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም. በዚያ ታስረው ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ በቁጣቸው ተገደሉ፤ በገደልም ተወረወሩ። ስለ እነዚህ የተደራደረ መንግሥት አልነበረም። በማግሥቱ ሠራዊታቸው በአሮጌ ድል ሆነ። ፈረንጆቹን እስረኞች ለቀቁ፤ እጃቸውን ግን አልሰጡም። ሚያዝያ 6 ቀን በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። የሰባት ዓመቱ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በ1872 ዓ.ም. በዚያው ዐረፈ።

ናፒየር ሲመለስ መንገድ ለከፈቱለትና ስንቅ ላቀረቡለት ለትግራዩ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ መድፍና ብዙ ጠመንጃ ትቶላቸው ሄደ። እሳቸውም በ1863 ዓ.ም. በዐድዋ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ድል አድርገው፣ በ1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተብለው ነገሡ። ቴዎድሮስ በእስረኛ ሊያገኙት ያልቻሉትን መሣሪያ ሌላው በወዳጅነት አገኘው።

ሰውን በመሣሪያ መለወጥ በዚያ ዘመን አልቀረም። ከ120 ዓመት ገደማ በኋላ የአሜሪካ መንግሥት በሊባኖስ የተያዙ ዜጎቹን ለማስፈታት ለኢራን በስውር ሚሳይል ሸጠ፤ ነገሩም በ1979 ዓ.ም. ተገለጠ። ጥቂቶች ሲፈቱ ሌሎች ተያዙ፤ ራሳም ሊያስፈታ ሄዶ እንደ ታሰረ ማለት ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ የተከፋፈለችውን ኢትዮጵያ አንድ ለማድረግና ጥበብን ወደ አገራቸው ለማስገባት የደከሙ ታላቅ ንጉሥ ነበሩ። ዓላማቸውን እናከብራለን፤ ሰውን መያዣ ማድረጋቸው ግን ዓላማቸውንም ሕይወታቸውንም እንዳሳጣቸው አንርሳ።