የቍስቋም እቴጌ፤ ስለ ፍርድና ስለ በቀል

አንባቢ ሆይ፥ ከጐንደር ከተማ ወጥተህ ወደ ምዕራብ፥ ወደ ተራራው ግርጌ ብትሄድ ደብረ ፀሐይ ቍስቋምን ታገኛለህ። ስሙ በግብፅ አገር ካለው ተራራ የተወሰደ ነው፤ በዚያም ተራራ እመቤታችን ማርያም ከሄሮድስ ሰይፍ በሸሸች ጊዜ ሕፃን ልጅዋን ይዛ እንዳረፈች አባቶች ይናገራሉ። እንግዲህ ይህ ስም ንጹሕ ሕፃን ከክፉ ንጉሥ ያመለጠበትን መጠጊያ ያሳስባል። ነገር ግን በጐንደሩ ቍስቋም አንዲት ንግሥት በሰው እጅ የሞተውን የልጅ ልጅዋን ቀበረች። ይህ እንዴት እንደ ሆነ ልነግርህ እወዳለሁ፤ ፍርድ ከአንድ ከተማ እንዴት እንደሚጠፋና በማን እጅ እንደሚጠፋ ልብ እንድታደርግ ነው። ዓመቶቹን የምጽፍልህ በአውሮጳ አቈጣጠር ነው።

እቴጌ ምንትዋብ የቋራ አገር ሴት ነበረች። የክርስትና ስምዋ ወለተ ጊዮርጊስ፥ የመንግሥት ስምዋም ብርሃን ሞገሳ ይባላል። ዐፄ በካፋ ስሙን ሰውሮ በአገሩ ሲዘዋወር በቋራ ታመመ፤ በተቀበለው ሰው ቤትም ይህች ልጅ አስታመመችው፤ ንጉሥ መሆኑንም ሳታውቅ አገለገለችው፤ እርሱም በዳነ ጊዜ አገባት ተብሎ ይተረካል። ይህ ትረካ እውነት ከሆነ፥ ወደ ቤተ መንግሥት የገባችበት በር በሽተኛን የማስታመም በር ነበረ። ይህን አትርሳ፤ በመጨረሻ ወደዚሁ በር እንመለሳለንና።

በካፋ በ1730 ዓመት በሞተ ጊዜ ልጅዋ ኢያሱ ገና የሰባት ዓመት ሕፃን ነበረ። ስለዚህ እርስዋ ራስዋ ዘውድ ጭና ከልጅዋ ጋር ነገሠች። በዚያ ዘመን ጐንደር የሕግ ከተማ ነበረች። በግቢው ውስጥ አዛዦችና ሊቃውንት ለፍርድ ይቀመጡ ነበር፤ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥትም በፊታቸው ይነበብ ነበር። ከመጽሐፉ ጋር ግን አንድ አሮጌ ልማድ ነበረ፤ ይኸውም ነፍሰ ገዳይ በተፈረደበት ጊዜ ለሟቹ ዘመዶች ተላልፎ ይሰጥ ነበር። ባለ ደሞቹም ቢወዱ ካሣ ተቀብለው ይምሩታል፥ ቢወዱም በገደለበት ዓይነት ይገድሉታል። ይህ ልማድ ዳኛው ጠንካራ ሲሆን ቍጣን ይገታል፤ ዳኛው ሲደክም ግን በቀል የፍርድን ልብስ ለብሶ እንዲወጣ በር ይከፍታል።

በ1732 ዓመት መኳንንቱ ዐመፁ። ሌላ የነገሥታት ዘር አምጥተው ነገሠ አሉ፤ እቴጌይቱንና ሕፃኑን ንጉሥ በግቢው ውስጥ ከበቡ፤ ከከተማውም ብዙ ቤት በእሳት ጠፋ። በመጨረሻ ከውጭ የመጣ ጦር አዳናቸው። ያን ጊዜ ንግሥቲቱ የግንብ ቅጥር ብቻውን ሰውን እንደማያድን አየች። ነገር ግን ከዚህ መከራ የተማረችው ግማሹን ብቻ ነው። ዐመፅ ክፉ እንደ ሆነ ተማረች፤ መድኃኒቱን ግን በሕግ ሳይሆን በወንድሞችዋ ፈለገች። ሹመቱን ለቋራ ዘመዶችዋ ሰጠች፤ ወንድምዋ ወልደ ልዑልም ራስ ሆኖ መንግሥቱን ብዙ ዘመን ያዘ። አስተዋይ ሰው ስለ ነበረ ነገሩ በእርሱ ዕድሜ ጸና። ሆኖም አንባቢ ሆይ፥ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ የቆመ ሰላም ከዚያ ሰው ጋር እንደሚቀበር ዕወቅ።

በጎ ሥራዋንም መርሳት አይገባም። የቍስቋምን ደብርና በአጠገቡ ያለውን ቤተ መንግሥት ሠራች፤ በጣና ሐይቅም በደቅ ደሴት አጠገብ ናርጋ ሥላሴን አሠራች። በዚያ ቤተ ክርስቲያን ሠዓሊው እርስዋን በእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር ተደፍታ አድርጎ ሥሎአታል። ዘውድ የጫነች ሴት በምድር ላይ ተደፍታ እንድትታይ መፍቀድዋ መልካም ነው። ነገር ግን በሥዕል ራስን ዝቅ ማድረግ ይቀላል፤ በዘመድ ጠብ መካከል ዝቅ ማለት ግን ይከብዳል። የተፈተነችውም በዚህ ነው።

ልጅዋ ዐፄ ኢያሱ በ1755 ዓመት ሞተ፤ የልጅ ልጅዋ ኢዮአስም ሕፃን ሳለ ነገሠ። የኢዮአስ እናት ውቢት የወሎ ኦሮሞ ነበረች። እርስዋም የልጄ ሞግዚት እኔ ነኝ ባለች ጊዜ በአያትና በእናት መካከል ክርክር ተነሣ። የውቢት ወንድሞች ከፈረሰኞቻቸው ጋር ወደ ጐንደር መጡ፤ በግቢውም ቋንቋቸው ተሰማ። የከተማው ሰው በዚህ ተቈጣ። እስኪ መርምር፤ ቍጣው በየትኛው ወንጀል ነበረ? እነዚህ ሰዎች ያደረጉት የቋራ ሰዎች አስቀድመው ያደረጉትን ነው፤ በዘመዳቸው ዙፋን ሥር ሹመት ፈለጉ። ለአንዱ ወገን መብት የተባለው ለሌላው ወገን ድፍረት ተባለ። ሰው በሥራው ሳይሆን በቋንቋውና በትውልዱ ሲመዘን ሚዛኑ ተሰብሮአል፤ በተሰበረ ሚዛንም የሚመዝን ሰው ነገ ራሱ ይመዘንበታል።

ራስ ወልደ ልዑል በ1767 ዓመት ሞተ። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ወገን የሚያስታርቅ ሰው ታጣ። ጠቡን በዳኛ ፊት ማቅረብ ሲገባ፥ ቤተ መንግሥቱ ከትግራይ ራስ ሚካኤል ስሑልን ከብዙ ጦርና ከነፍጥ ጋር ጠራ። እቴጌይቱም ቀድሞ ልጅዋን አልታሽን ለሚካኤል ልጅ ድራ ስለ ነበረ፥ ጋብቻው ዋስ የሚሆናት መስሎአት ነበር። ነገር ግን በሠራዊቱ ኃይል ሊያስታርቅ የመጣ ሰው ዕርቁ ካለቀ በኋላም ሠራዊቱን ይዞ ይቀመጣል።

ያን ጊዜ የበጌምድር ገዥ ማርያም ባርያው ነበረ፤ እርሱም የእቴጌይቱን ልጅ አስቴርን ያገባ ነው። ንጉሡ ሹመቱን ከእርሱ ወስዶ ለአጎቱ ሰጠበት፤ ማርያም ባርያውም አልለቅም አለ፤ በጦርነቱም የንጉሡ አጎት ሞተ። ከዚህ በኋላ ራስ ሚካኤል በ1769 ዓመት በነፋስ መውጫ ማርያም ባርያውን ድል አደረገው፤ እርሱም ሸሽቶ ወደ ወሎ ሰዎች ተጠጋ። እነርሱ ግን አሳልፈው ሰጡት፤ የሟቹም ወንድም በባለ ደምነት ተቀብሎ ገደለው። አንድም ዳኛ አልተቀመጠም፤ አንድም ምስክር አልተሰማም። በጦር ሜዳ የሞተ ሰው ደም በእስረኛ ላይ ተቈጠረ። ልማዱ ተጠበቀ፥ ፍርድ ግን ጠፋ። አስቴርም ባልቴት ሆና ጥቂት ሳይቈይ ኃይለኛውን ራስ ሚካኤልን አገባች።

ቀጥሎ ንጉሡ በስውር ከሚካኤል ጠላት ከፋሲል ጋር ተስማምቶአል ተባለ። ሚካኤል ፋሲልን በአዘዞ ድል ካደረገ በኋላ፥ በዚያው በ1769 ዓመት በግንቦት ወር ዐፄ ኢዮአስ ታንቆ ሞተ። እቴጌይቱ የልጅ ልጅዋን አስከሬን በቍስቋም ቀበረች፤ ከዚያም ወዲያ ወደ ጐንደር ግቢ መመለስን እንቢ አለች። ሚካኤል ሽማግሌውን ዮሐንስን አነገሠ፤ እርሱም ወደ ጦርነት አልወጣም ባለ ጊዜ ወራት ሳይቈይ በመርዝ ሞተ። ከእርሱም በኋላ ተክለ ሃይማኖትን አነገሠ። ንጉሥን ያለ ፍርድ የገደለ እጅ ድኻን ለመግደል ምን ያግደዋል?

ይህንንም ጐንደር አየች። ሚካኤል ከከተማው ተገፍቶ ወጥቶ ነበር፤ በ1770 ዓመት በታኅሣሥ ወር በተመለሰ ጊዜ ግን ጠላቶቼ ናቸው ያላቸውን አስያዘ፤ ብዙዎችም ተገደሉ። እርሱ በሌለበት ያፌዙበትን አዝማሪዎች ፈረሰኞች በመንገድ ላይ ፈጁአቸው። የተገደሉት ሰዎች ሬሳ ሳይቀበር በየመንገዱ ተጣለ፤ ጅቦችም ሌሊት በከተማው ውስጥ ይመላለሱ ነበር። ይህን በዐይኑ ያየ የስኮትላንድ ሰው ጄምስ ብሩስ በመጽሐፉ ጽፎታል። ልብ አድርግ፤ በዚያች ከተማ አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ነበሩ፥ ሊቃውንትም አልጠፉም፥ ፍትሐ ነገሥትም በመደርደሪያው ነበረ። የጠፋው መጽሐፉ አይደለም፤ በመጽሐፉ ራሱን የሚያስገዛ ሰው ነው።

አሁን ወደዚያች ወደ መጀመሪያይቱ በር እንመለስ። ብሩስ በ1770 ዓመት ወደ ጐንደር በደረሰ ጊዜ ፈንጣጣ በከተማው ገብቶ ነበር። እቴጌይቱ በቍስቋም ቤትዋ የታመሙ የልጅ ልጆችዋንና የዘመድ ሕፃናትን ሰብስባ ነበር፤ እርሱንም ሐኪም ነው ብላ ተቀበለችው። በዚያ ቤት ከታመሙት መካከል የራስ ሚካኤል ወገን ልጆች ነበሩ። የልጅ ልጅዋ በሚካኤል ዘመን ታንቆ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም። ያም ሆኖ ያች ሴት ሕፃናቱን ይህ የእኔ ነው፥ ያ የጠላቴ ነው ብላ አልለየችም። አርባ ዓመት ሙሉ በዘመድ ሚዛን መዝና የነበረች ንግሥት በበሽተኛ አልጋ አጠገብ ሚዛኑን ጣለችው። ዘውድ ጭና ሳለች ያልቻለችውን ዘውድዋን ካጣች በኋላ ቻለችው።

ራስ ሚካኤል በ1771 ዓመት በሠርባኩሳ ተሸንፎ ተማረከ። ምንትዋብ ግን ደስታዋን በበቀል አልፈጸመችም፤ በቍስቋም ተቀምጣ በ1773 ዓመት በሰኔ ወር ሞተች። ከልጅዋ ከኢያሱና ከልጅ ልጅዋ ከኢዮአስ ጋር በዚያ ተቀበረች። በኢዮአስ ሞት የጀመረው ዘመነ መሳፍንት ግን ከእርስዋ ጋር አልተቀበረም፤ እስከ 1855 ዓመት፥ ሰማንያ ስድስት ዓመት ያህል ቈየ። የቋራው ካሳ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ እስኪነግሥ ድረስ የገበሬው በሬና እህል በየጊዜው ላሸነፈ ሁሉ ስንቅ ሆነ። በመኳንንት ቤት የጠፋው ፍርድ ዕዳው የተከፈለው በድኻ ጐተራ ነው። የቍስቋም ቤተ መንግሥትም ዛሬ ፍርስራሽ ሆኖ ይታያል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ እኔ ዘውድ የለኝም፥ ጦርም አልጠራሁም ትል ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ራስህን ጠይቅ። ዘመድህ በተከሰሰ ጊዜ ለምስክርነት ብትጠራ ያየኸውን ትናገራለህን? ወይስ የወንድሜን ጉድ አልገልጥም ብለህ ዝም ትላለህ? ጉዳይህ በዳኛ ፊት ሲዘገይብህ ተራህን ትጠብቃለህን? ወይስ ኃይለኛ ሰው ታውቃለህና መማለጃ ይዘህ ወደ ደጁ ትሄዳለህ? በገበያ መካከል ሌባ ተያዘ ሲባል ወደ ዳኛ ይወሰድ ትላለህን? ወይስ አንተም ድንጋይ ታነሣለህ? በማኅበርህ ወይም በመሥሪያ ቤትህ ሰውን በሥራው ትመርጣለህን? ወይስ የአባቱን አገር አስቀድመህ ትጠይቃለህ?

ምንትዋብ ክፉ ሴት አልነበረችም። ደግ፥ አማኝ፥ ዘመዶችዋንም የምትወድ ነበረች። ከተማዋን የጐዳት ክፋትዋ ሳይሆን በልኩ ያልቆመው ፍቅርዋ ነው። ስለዚህ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም ማለት ብቻውን አያድንህም። ለወንድምህ የምታደላው ትንሽ ነገር ለሌላው ሰው ልጅ ግፍ ይሆንበታል፤ እርሱም ፍርድ ሲያጣ ጦር ይፈልጋል፤ ጦሩም ሲመጣ የአንተንና የእርሱን ቤት ለይቶ አያይም።

ወደ ቍስቋም ብትወጣ በዚያ ግንብ ፊት ጥቂት ቁም። የሠራችው ቤት ፈርሶአል፤ የሾመቻቸው ዘመዶችም አልፈዋል። በፈንጣጣው ጊዜ የጠላትዋን ወገን ሕፃናት ያስታመመችው ሥራ ግን ዛሬም ሲነገር ያምራል። ከዚያ በተመለስህ ጊዜ፥ በከተማው ውስጥ ከምትጠላው ሰው ጋር ጉዳይ ያለህ እንደ ሆነ፥ አስቀድመህ ለእርሱ የሚገባውን ፍርድ ስጠው። የአንተንም ከዚያ በኋላ ጠይቅ።