የቁልፍ ሠሪው ልጅ፣ መምህር ኦም

በኤሌክትሪክ የሚሄድ የመጫወቻ ባቡር ከልክ በላይ ሲፈጥን ኩርባው ላይ ይገለበጣል። ታዲያ እንዴት እናዘግየው? ከሞተሩ ጋር በተከታታይ አንዲት ሬዚስተር መቀጠል ነው። የሚያልፈው ጅረት ግማሽ አምፔር ከሆነ 8 ኦም ያላት ሬዚስተር 4 ቮልት ታስቀራለች፤ ከ12 ቮልቱ ለሞተሩ የሚደርሰው 8 ብቻ ይሆንና ባቡሩ ረጋ ይላል። ሬዚስተሯ 2 ዋት ሙቀት ስለምታወጣ አቅሟ ከዚያ በለጥ ያለ ይሁን። ይህን ስሌት ያስገኘልን ሰው እንደኛው መምህር ነበር።

ጌዎርግ ሲሞን ኦም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1789 በጀርመን አገር፣ በኤርላንገን ከተማ ተወለደ። አባቱ ቁልፍ ሠሪ ነበር። ሰውዬው ራሱን በራሱ አስተምሮ ለልጆቹም ሒሳብና ሳይንስ ያስጠናቸው ነበር።

ኦም በ1817 በኮሎኝ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብና ፊዚክስ ማስተማር ጀመረ። ከማስተማሩ በተረፈው ጊዜ፣ ከአባቱ በቀሰመው የእጅ ሙያ መሣሪያ እየሠራ በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ይመራመር ጀመር። የዘመኑ ባትሪ ግን ኃይሉ ቶሎ ቶሎ እየወረደ ልኬቱን አበላሸበት። ምን ያድርግ? ሁለት ዓይነት ብረቶች አጋጠመና አንዱን መጋጠሚያ በሚፈላ ውሃ፣ ሌላውን በበረዶ ውስጥ አስቀመጠ። በዚህ ዘዴ የማይዋዥቅ ቮልቴጅ አገኘ። ከዚያ የሽቦውን ርዝመት እየለዋወጠ ጅረቱ የማግኔት መርፌዋን ምን ያህል እንደሚያዞራት ለካ። ቮልቴጅ ሲጨምር ጅረቱ ይጨምራል፤ ተቃውሞ ሲጨምር ጅረቱ ይቀንሳል። ነገሩ ይኸው ነው!

ውጤቱን በ1827 በመጽሐፍ አወጣ። የዩኒቨርሲቲ መምህርነት አገኛለሁ ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር፤ የጠበቀው ግን ቸልታና ነቀፌታ ሆነ። የኮሎኙንም ሥራ ለቀቀ። በኑረምበርግ ከተማ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሥራ ያገኘው ከስንት ዓመት በኋላ፣ በ1833 ነው። በ1841 የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳይ ሸለመው። በሙኒክ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰርነቱን ያገኘው በ1852፣ ሊሞት ሁለት ዓመት ሲቀረው ነበር። በ1881 በፓሪስ የተሰበሰቡ የኤሌክትሪክ ሊቃውንት የተቃውሞ መለኪያ በስሙ እንዲጠራ ወሰኑ።

እንግዲህ ይህ ሕግ የተገኘው በትምህርት ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ በመምህር እጅ ነው። የምናሠለጥንም ሆንን የምንሠለጥን፣ ቤተ ሙከራው ጎደሎ ነው ብለን ትምህርቱን በጠመኔ ብቻ ከማለፋችን በፊት የቁልፍ ሠሪውን ልጅ እናስታውስ። ሽቦና ባትሪ ካለን እኮ መጀመር እንችላለን!